ከቦምብ ጣይ አውሮፕላን የወረደ መና

በዚህ ዕትም ወደ እንግሊዝ ገጠር ይዣችሁ ልሄድ ነው። የምንሄድበት ስፍራ ቤተ መንግሥት የለውም፤ ቱሪስት የሚሰለፍለት ካቴድራልም የለውም። የእህል ማሳ ነው። ከለንደን ወደ ሰሜን ተጉዛችሁ ሊንከንሺር ወደሚባለው ክፍለ ሀገር ከገባችሁ በኋላ፣ ማርኬት ሬዘን ከምትባለው ትንሽ ከተማ ወደ ላውዝ የሚወስደውን መንገድ ስትይዙ ሉድፎርድ የምትባል መንደር ታገኛላችሁ። ቤቶቿ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰደሩ ናቸው፤ ከተጣደፋችሁ ሳታስተውሏት ታልፋላችሁ። ከመንደሯ በስተ ደቡብ ባለው ከፍ ያለ ሜዳ ላይ ግን፣ በአዝመራው መካከል፣ እዚህም እዚያም የተሰነጣጠቀ ኮንክሪት ይታያል። ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ለማያውቅ ሰው ትርጉም የሌለው መንገድ ይመስላል።

ያ ኮንክሪት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ማረፊያ የነበረው የሉድፎርድ ማግና ቅሪት ነው። እንዲህ ያለው ስፍራ በእንግሊዝ ብርቅ አይደለም። ጦርነቱ ሲያበቃ በመላው ብሪታንያ ከ700 በላይ የጦር አውሮፕላን ማረፊያዎች ነበሩ፤ በሊንከንሺር ብቻ ወደ 50 የሚጠጉ ይገኙ ነበር። ምድሩ ሰፊ ነው፣ ወደ ጀርመን የሚያሻግረውም ባሕር ቅርብ ነው። ዛሬ አብዛኞቹ ታርሰዋል፤ በአንዳንዶቹ ላይ ዶሮ ይረባል፣ በሌሎቹ ላይ መጋዘንና ፋብሪካ ተሠርቷል። ታዲያ ከዚያ ሁሉ መካከል ሉድፎርድ ማግናን ለምን መረጥሁ? በዚህች መሬት ላይ በአንድ እሑድ ማለዳ የተጀመረው ነገር ቤተሰብ ማዕድ ላይ ተቀምጦ ሊያወራው የሚገባ ስለ መሰለኝ ነው። ወደዚያ እሑድ ከመድረሳችን በፊት ግን ሌሊቶቹን ማለፍ አለብን። ሌሊቶቹን ያላወቀ ሰው እሑዱ አይገባውም።

የጭቃው ሰፈር

መሬቱ የገበሬዎች ነበር። መንግሥት ለጦርነቱ ወሰደውና ሦስት እርስ በርሳቸው የሚቋረጡ የኮንክሪት መንደርደሪያዎች ዘረጋበት፤ ረጅሙ ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በጁን 1943 የብሪታንያ አየር ኃይል 101ኛው ስኳድሮን ላንካስተር የሚባሉትን ባለ አራት ሞተር አውሮፕላኖቹን ይዞ ገባበት። ሥራው የጥድፊያ ስለ ነበር ዝናብ በጣለ ቁጥር ሰፈሩ ጭቃ በጭቃ ይሆናል። ወጣቶቹም የስፍራውን ስም ጥቂት ለወጥ አድርገው ‹‹መድፎርድ ማግና›› ይሉት ጀመር፤ ‹‹መድ›› በእንግሊዝኛ ጭቃ ማለት ነውና። ቀልዱ እስከ ዛሬ አልተረሳም።

ጭቃው ብቻ ሳይሆን ጉሙም አስቸጋሪ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ከሞት ጋር ሲታገል ያደረ አውሮፕላን ገና ሊነጋጋ ሲል ተመልሶ መሬቱን ማየት ሲያቅተው ምን ይደረጋል? በመንደርደሪያው ዳርና ዳር ረጃጅም ቧንቧዎች ተዘርግተው ቤንዚን ይነድባቸው ነበር። የእሳቱ ሙቀት ጉሙን ይገፈውና አብራሪው በሁለት የእሳት መስመር መካከል ያርፋል። ይህ መሣሪያ ከነበራቸው ጥቂት ማረፊያዎች አንዱ ሉድፎርድ ማግና ነበር።

በአንድ ላንካስተር ውስጥ ሰባት ሰዎች ይበርራሉ። አብዛኞቹ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ ልጆች ነበሩ፤ ‹‹ልጆች›› ያልሁት ሆን ብዬ ነው፤ ዛሬ በየቤተ ክርስቲያናችን ከወጣት መዘምራን ጋር የሚቆሙትን አስቧቸው። አንዱ ቡድን የመጀመሪያ ዙር ግዳጁን የሚጨርሰው 30 ጊዜ በርሮ ሲመለስ ነው። ብዙዎቹ 30 አልደረሱም። ከአገሪቱ ቦምብ ጣይ ክፍል 125,000 ያህል በራሪዎች መካከል 55,573 ሞተዋል። ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ አንብቡት፤ ከመቶ አርባ አራት ማለት ነው።

101ኛው ስኳድሮን ደግሞ ለብቻው የተሰጠው ሥራ ነበረው። ከ1943 መገባደጃ ጀምሮ በአውሮፕላኖቹ ውስጥ ስምንተኛ ሰው ይሳፈር ነበር። ይህ ሰው ጀርመንኛ የሚችል ነው። ሥራው በራዲዮ የጠላት ተዋጊ አውሮፕላኖች ከምድር የሚሰጣቸውን ትእዛዝ እየፈለገ፣ ባገኘው መስመር ላይ ጆሮ የሚያደነቁር ድምፅ መልቀቅ ነበር። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ ከሂትለር ሸሽተው እንግሊዝ የገቡ አይሁድ ነበሩ። ቢያዙ ምን እንደሚጠብቃቸው ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ሥራው ምስጢር ስለ ነበር ከጎናቸው ተቀምጠው ለሚበርሩት ጓደኞቻቸው እንኳ አይናገሩትም።

ይህ ሥራ ስኳድሮኑን ውድ ዋጋ አስከፈለው። ሌሎች ስኳድሮኖች በሚያርፉባቸው ሌሊቶች እንኳ 101ኛው ከማንኛውም ትልቅ ዘመቻ ጋር መሄድ ነበረበት። ድምፅ የሚለቅ አውሮፕላን ደግሞ ራሱን ያጋልጣል። እ.ኤ.አ. ማርች 30 ቀን 1944 ሌሊት ወደ ኑረምበርግ ከተነሡት 795 አውሮፕላኖች 95ቱ አልተመለሱም፤ ከሉድፎርድ ማግና ከተነሡት ደግሞ አንድ አራተኛ ያህሉ በዚያች አንዲት ሌሊት ጠፉ። ስኳድሮኑ በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ከ1,100 በላይ ሰዎቹን ቀብሯል፤ መቅበር ከተቻለ ማለቴ ነው። ለእናቶቻቸው የደረሳቸው አጭር ቴሌግራም ነበር፤ ልጅዎ ከበረራ አልተመለሰም የሚል። ከዚያ በኋላ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት የሚፈጅ መጠበቅ ይከተላል።

አሁን ብዕሬ የሚከብደው ስፍራ ላይ ደርሻለሁ። እነዚህ ልጆች የሚያሳዝኑትን ያህል፣ ከአውሮፕላናቸው ሆድ የሚወርደውም ነገር ያሳዝናል። ቦምቡ በፋብሪካና በባቡር ሐዲድ ላይ ብቻ አልወረደም፤ በከተሞች ላይ ወርዷል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1945 በድሬስደን እስከ 25,000 የሚደርስ ሰው አልቋል፤ ሴቶችና ሕፃናት፣ ከምሥራቅ ጦር ሸሽተው የመጡ ስደተኞችም ነበሩበት። ከሉድፎርድ ማግና የተነሡ አውሮፕላኖችም በዚያ ሌሊት ድሬስደን ላይ ነበሩ። በዚያው ዘመን ሁሉም ክርስቲያን ዝም ብሎ አላለፈም። የቺችስተሩ ጳጳስ ጆርጅ ቤል ከአንድ ዓመት በፊት፣ በፌብሩዋሪ 1944፣ በፓርላማው የላይኛው ምክር ቤት ተነሥተው ከተማን በጅምላ ማጥፋት ለክርስቲያን አገር አይገባም ብለው ተከራክረዋል። እኚህ ሰው የናዚ ወዳጅ አልነበሩም፤ ሂትለርን ሲቃወሙ ከታሰሩት የጀርመን ክርስቲያኖች ጋር የቅርብ ወዳጅነት ነበራቸው። ያኔ በአገራቸው ብዙ ሰው ጠላቸው። ናዚዎችን ማስቆም ግድ አልነበረም የሚል የለም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን ግድ የሆነ ነገር ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ ማሰብ መጽሐፍ ቅዱስን ለሚያነብ ሰው ይከብደዋል። ዳዊት ጦርነቱን በእግዚአብሔር ትእዛዝ ተዋግቶ ሳለ ቤተ መቅደሱን እንዳይሠራ ለምን እንደተከለከለ 1ኛ ዜና መዋዕል 22ን እንደገና አንብቡት።

የረሃቡ ክረምት

ወደ ሆላንድ እንሻገር፤ ከሉድፎርድ ሰሜን ባሕርን ብቻ መሻገር ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1944 የተባበሩት ኃይሎች ወደ ሆላንድ ሲገሰግሱ፣ ለንደን በስደት የነበረው የአገሪቱ መንግሥት የባቡር ሠራተኞች ሥራ እንዲያቆሙ ጥሪ አደረገ፤ እነርሱም አቆሙ። ግስጋሴው ግን አርንሄም ላይ ከሸፈ። የጀርመን ገዢዎች ቂማቸውን በሕዝቡ ላይ ተወጡት፤ ወደ አገሪቱ ምዕራባዊ ክፍል ምግብ እንዳይገባ አገዱ። እገዳው ቆየት ብሎ ቢላላም ክረምቱ ጨከነ፤ እህል የሚመላለስባቸው የውኃ መንገዶች በበረዶ ተዘጉ።

አምስተርዳም፣ ሮተርዳምና ዘ ሄግ በረሃብ ተያዙ። ለአንድ ሰው በቀን የሚሰጠው ራሽን በ1944 መጨረሻ ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ፤ በየካቲት አካባቢ ደግሞ ከ600 በታች ሆነ። ለአንድ አዋቂ ሰው ከሚያስፈልገው ሲሶ እንኳ አይሞላም። ሰዎች እንደ ሽንኩርት ያለውን የቱሊፕ አበባ ሥር እየቀቀሉ በሉ። እናቶች ጎማው ባለቀ ብስክሌት ተቀምጠው አንሶላቸውንና የጋብቻ ቀለበታቸውን በድንች ሊለውጡ ወደ ገጠር ወጡ። ወደ 20,000 የሚሆን ሰው ሞተ። ሐኪሞች ከብዙ ዓመታት በኋላ እንዳረጋገጡት፣ በዚያ ክረምት በእናታቸው ማኅፀን የነበሩ ልጆች ካደጉ በኋላ እንኳ ለስኳርና ለልብ በሽታ ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል። ረሃብ እንዲህ ነው፤ ያልተወለደውንም አይምርም።

በ1945 ጸደይ ጀርመን እየተሸነፈች ቢሆንም ምዕራብ ሆላንድ ገና በእጇ ነበረች። በጦርነት እንክፈተው ቢባል ሕዝቡ መካከል ላይ ያልቃል፤ ጀርመኖችም ግድቦቹን አፍርሰው አገሩን በባሕር ሊያጥለቀልቁት ይችላሉ። የቀረው መንገድ ሰማይ ነበር። ኤር ኮሞዶር አንድሩ ጌዲስ የተባሉ የብሪታንያ መኮንን ነገሩን እንዲያቅዱ ታዘዙ። ኤፕሪል 28 ቀን አክተርፌልት በምትባል የሆላንድ መንደር፣ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ከጀርመን ተወካዮች ጋር ተቀመጡ። ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነበር፤ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖቻችን በቀን ብርሃን፣ ዝቅ ብለው፣ በመድፎቻችሁ አፍ ላይ ሲያልፉ አትተኩሱባቸው። ጀርመኖቹ በሐሳቡ ቢስማሙም ገና የተፈረመ ወረቀት አልነበረም።

ለዘመቻው የተሰጠው ስም ማና ነው። የዘጸአት 16ን መና መሆኑን እናንተ ታውቃላችሁ። በነገራችን ላይ በዚያው ሰሞን እነዚሁ አውሮፕላኖች 75,000 ያህል የጦር ምርኮኞችን፣ በአንድ ጊዜ እስከ 25 ሰው እያሳፈሩ፣ ወደ አገራቸው መልሰዋል፤ የዚያ ዘመቻ ስም ደግሞ ዘጸአት ነበር። ስም ያወጣው መኮንን ሰንበት ትምህርት ቤት የተማረውን አልረሳም።

ያ እሑድ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 1945፤ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 21 ቀን 1937 ዓ.ም.። እሑድ ነው። በኢትዮጵያ ያ እሑድ የሆሳዕና ዕለት ነበር።

ስምምነቱ እውነት መሆኑን ለማየት ቀድሞ የሚሞክር ያስፈልግ ነበር። ዕጣው ለሉድፎርድ ማግና ወጣ። 101ኛው ስኳድሮን የመጨረሻ ቦምቡን የጣለው ኤፕሪል 25 ቀን፣ በሂትለር የተራራ ቤት አካባቢ በበርኽተስጋደን ነበር። በአራተኛው ቀን ሁለት ላንካስተሮች በዚያው ኮንክሪት ላይ ተንደረደሩ። የአንደኛው አብራሪ ሮበርት አፕኮት የተባለ ካናዳዊ ነው። አውሮፕላኑ ‹‹ባድ ፔኒ›› የሚል ስም ነበረው፤ መጥፎ ሳንቲም ማለት ነው። እንግሊዞች መጥፎ ሳንቲም ዞሮ ዞሮ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል ይላሉ። መመለስ ብርቅ በሆነበት ሰፈር የሚመለስ ስም ማውጣታቸው አይገርምም።

የቦምቡ ማስቀመጫ በጆንያ ተሞልቷል። አየሩ ዝናባማና ደብዛዛ ነበር። ባሕሩን ተሻግረው ወደ ሆላንድ ጠረፍ ሲገቡ የጀርመን ፀረ አውሮፕላን መድፎች አፈ ሙዛቸውን እያዞሩ ይከተሏቸው እንደ ነበር ሠራተኞቹ በኋላ ተናግረዋል። እንዲያ ዝቅ ብሎ የሚበርር ትልቅ አውሮፕላን ለተኳሽ እንደ ተሰቀለ ቅል ነው። ለዓመታት በሌሊት ሲገድሏቸው የኖሩት ሰዎች ዛሬ በቀን ዓይን ለዓይን እያዩዋቸው ነው። መድፎቹ ዝም አሉ። በዘ ሄግ አጠገብ ዳውንዲክት በተባለ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ላይ የቦምቡ በሮች ተከፈቱ፤ ጆንያዎቹም ወረዱ። ሁለቱም አውሮፕላኖች በሰላም ወጡ። ወሬው እንደ ተሰማ፣ ተዘጋጅተው ሲጠብቁ የነበሩት ሌሎቹ ተነሡ፤ በዚያው ቀን ወደ 240 የሚጠጉ ላንካስተሮች ምግብ ጣሉ።

ምን ነበር ያወረዱት? ዱቄት፣ የዱቄት እንቁላል፣ የዱቄት ወተት፣ የቆርቆሮ ሥጋ፣ ስኳር፣ ጨው፣ ሻይ፣ ቸኮሌት። ፓራሹት አልነበረም። ጆንያው ሲወድቅ እንዳይበተን ድርብ ይደረጋል፤ አውሮፕላኑም ከመሬት 150 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ ያልፋል። ከበራሪዎቹ ብዙዎቹ የራሳቸውን የከረሜላና የቸኮሌት ራሽን በመሐረብ ትንንሽ ፓራሹት እየሠሩ ለልጆች ጥለዋል። ይህን ማንም አላዘዛቸውም። በታች ያለው ሕዝብ በጣሪያ ላይ ወጥቶ አንሶላና የተደበቀ ባንዲራውን ያውለበልብ ነበር። በአበባ ማሳዎቹም ላይ ቱሊፖቹን እየቆረጡ ከሰማይ የሚነበብ ምስጋና ጽፈውላቸዋል። ረሃብተኛ ሥሩን የበላው ያው አበባ ማለት ነው።

የብሪታንያ አውሮፕላኖች ጦርነቱ እስካበቃበት እስከ ሜይ 8 ድረስ ከ3,000 ጊዜ በላይ ተመላልሰው ወደ 6,700 ቶን የሚጠጋ ምግብ አወረዱ። አሜሪካኖችም ከሜይ 1 ጀምሮ ከሌሎች የእንግሊዝ ማረፊያዎች ተነሥተው ወደ 4,000 ቶን ጨመሩበት። እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ለሦስት ሚሊዮን ተኩል ለሚጠጋ ሕዝብ ብዙ አልነበረም፤ ተሰብስቦ በራሽን እስኪከፋፈልም ቀናት ወስዷል። ከሰማይ የወረደ ዳቦ ወዲያው አፍ ላይ አልደረሰም። ነገር ግን በሕይወት የቆዩት ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያወሩ የኖሩት ስለ ካሎሪው አልነበረም፤ ስለ ድምፁ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ያ ድምፅ ሲመጣ ልጅ ይዘው ወደ ምድር ቤት ይሮጡ ነበር። በዚያ ሳምንት ልጅ ይዘው ወደ ውጪ ሮጡ።

ከላይ የነበሩትስ? ከእነርሱ ብዙዎቹ ካረጁ በኋላ ስለ ጦርነቱ ሲጠየቁ ስለ ሌሊቶቹ ዝም ይሉና ስለ ማና ይተርኩ ነበር። ይህ ዝምታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በየጉባኤያችን የኋላ ወንበር ላይ ከጦር ሜዳ የተመለሱ አባቶች አሉን፤ ልጆቻቸው አባቴ ምንም አይነግረኝም ይላሉ። የሉድፎርዶቹ ልጆች አባታቸውን ያወቁት በጆንያው ወሬ በኩል ነው፤ መናገር የሚቻለውን አንድ ነገር ጠይቀው አዳምጠዋል። የቀረውን አላስገደዱም። በእኔ አስተያየት ለእኛም ቤት ይህ መልካም መንገድ ነው።

ሚሳይልና ማረሻ

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ምስክርነት ይወጣው ነበር። እኛ ወንጌላውያን ‹‹ድሮ እንዲህ ነበርሁ፣ አሁን እንዲህ ነኝ›› የሚል ምስክርነት እንወዳለን፤ እኔም እወዳለሁ። የሉድፎርድ ማግና ታሪክ ግን እንዲህ በቀላሉ አይጠቀለልም። ስኳድሮኑ በኦክቶበር 1945 ወደ ቢንብሩክ ተዛወረ፤ ሜዳው ጸጥ አለ። ከዚያ በ1959 ጦር ተመለሰበት። ያ መሬት አሁን ደግሞ ቶር የተባሉ ሦስት የኑክሌር ሚሳይሎች ተተከሉበት። የአንዱ ሚሳይል ኃይል ሂሮሺማን ካጠፋው ቦምብ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ለማስወንጨፍ የብሪታንያና የአሜሪካ መኮንኖች ሁለት ቁልፎች በአንድነት መዞር ነበረባቸው። በኦክቶበር 1962፣ በኩባ ቀውስ ጊዜ፣ በብሪታንያ የተተከሉት የቶር ሚሳይሎች ለመወንጨፍ ተዘጋጅተው ነበር። ቁልፎቹ ሳይዞሩ ቀሩ። በ1963 ሚሳይሎቹ ተነሡ፤ ኮንክሪቱም ቀስ በቀስ ተፈንቅሎ ገበሬው በማረሻው ተመለሰ።

በኢሳይያስ 2 ሰይፍ ማረሻ እንደሚሆን ብዙ ጊዜ ተሰብኮልናል። በኢዩኤል 3 ግን ማረሻው ተቀጥቅጦ ሰይፍ እንዲሆን የሚጠራ ጥሪ አለ፤ ከመድረክ ብዙ አልሰማሁትም። ሉድፎርድ ማግና በ20 ዓመት ውስጥ ሁለቱንም አይቷል፤ ያውም ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ።

የእኛስ ሰማይ

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ታሪክ መስሏችሁ ከሆነ፣ አርባ ዓመት ወደ ፊት ተሻገሩ። የ1977ቱ ድርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1984 መጀመሪያ የብሪታንያ አየር ኃይል ሄርኩለስ የተባሉ ዕቃ ጫኝ አውሮፕላኖች አዲስ አበባ ገቡ። የመጡት ላይነም ከሚባል ሰፈር ነው፤ እርሱም በ1940 የተከፈተ የጦርነቱ ዘመን ማረፊያ ሲሆን የአየር ኃይል ሰፈርነቱ በ2012 አብቅቷል። አውሮፕላን ማረፍ በማይችልባቸው የሰሜን ሸዋና የሌሎች ደጋ አካባቢዎች ከጃንዋሪ 1985 ጀምሮ እህል ከአየር ይጣል ጀመር። ፓራሹት አልነበረውም። እህሉ እንዳይበተን በድርብ ጆንያ ይታሸግና አውሮፕላኑ ከመሬት ጥቂት ሜትሮች ብቻ ከፍ ብሎ እያለፈ ያወርደዋል።

አጠገባቸው እነማን ይበርሩ ነበር? ትራንሳል በተባሉ አውሮፕላኖቻቸው የመጡ የምዕራብ ጀርመን አየር ኃይል አብራሪዎች። እህሉ የሚወድቅበትን ሜዳ ለማዘጋጀት የሚሄዱትን ሰዎች የሚያመላልሱት ደግሞ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ነበሩ። ጦርነቱ በ1939 የጀመረው ጀርመን ፖላንድን በወረረችበት ቀን መሆኑን አስታውሱ። የሆላንድን ሰማይ በመድፍ የጠበቁት ሰዎች አገር፣ መድፍ ሲጠብቃቸው የበረሩት ሰዎች አገር፣ መጀመሪያ የተወረረችውም አገር፣ በእኛ ተራሮች ላይ ለአንድ ዓመት ያህል አብረው ጆንያ አወረዱ። ከአንባቢዎቻችን መካከል በልጅነቱ ያን የሚያስገመግም ድምፅ የሰማ፣ ወላጆቹ ከሜዳው እህል ያነሡለት ሰው ይኖር ይሆናል። ካላችሁ፣ እባካችሁ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ ለዚህ መጽሔትም ጻፉልን።

ወደ ሉድፎርድ ልመልሳችሁና ላብቃ። በመንደሯ ውስጥ ለስኳድሮኑ የቆመ የመታሰቢያ ድንጋይ አለ። በትንሿ የመንደር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ የ101ኛው ስኳድሮን ሟቾች ስም ተጽፎ ይገኛል። ከብሪታንያ፣ ከካናዳ፣ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ የመጡ ልጆች ስም በአንድነት ነው። ከስሞቹ ብዙዎቹ የ1943 እና የ1944 ሌሊቶች ናቸው። የአውሮፕላናቸው ሆድ ሲከፈት ቦምብ ሲወርድ እንጂ ዱቄት ሲወርድ ሳያዩ ሞቱ። ያን እሑድ ማለዳ ሁለቱ አውሮፕላኖች ጆንያ ጭነው ከዚያው ሜዳ ሲነሡ፣ እነርሱ አልነበሩም።